የክፍት ምንጭ ፈቃዶች መጣጣም፦ ሶፍትዌር ሠሪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ

መግቢያ

በዚህ ዘመን ሶፍትዌርን ከባዶ ተነሥቶ የሚጽፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን በፓይተን፣ በጃቫ ወይም በሲ ቋንቋ ሲጀምር የቋንቋው ኮምፓይለር ወይም ኢንተርፕሪተር፣ ከቋንቋው ጋር የሚመጣው መደበኛ ላይብረሪ፣ እንዲሁም ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያበረከቷቸው በርካታ ላይብረሪዎች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ተማሪው ራሱ የሚጽፈው ኮድ ከጠቅላላው ፕሮግራም ትንሹ ክፍል ነው። ቀሪው የሌሎች ድካም ነው።

ይህ የሌሎች ድካም ያለ ገንዘብ የተገኘ ቢሆንም ያለ ሁኔታ የተሰጠ አይደለም። እያንዳንዱ ላይብረሪ ፈቃድ ወይም ላይሰንስ የሚባል ሰነድ ይዞ ይመጣል። ሰነዱ ምን እንደሚፈቀድና በምን ግዴታ እንደሚፈቀድ ይዘረዝራል። አንድ ፕሮግራም ዐሥር ላይብረሪዎችን ቢጠቀም የዐሥሩንም ግዴታዎች በአንድነት መሸከም ይኖርበታል። እነዚህ ግዴታዎች እርስ በርሳቸው ከተጋጩ ፕሮግራሙ በቴክኒክ በኩል እንከን የሌለው ቢሆን እንኳ ለሌላ ሰው በሕጋዊ መንገድ ሊሰጥ አይችልም። የብዙ ወራት ሥራ በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የክፍት ምንጭ ፈቃዶች ዋና ዋና ዓይነቶች፣ ፈቃዶች ተጣጣሙ ወይም ተጋጩ የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ የፓይተን ቋንቋ በዚህ ረገድ የገጠመው ችግር፣ በመጨረሻም ተማሪዎች በራሳቸው ሥራ ላይ ሊከተሉት የሚችሉት የአመራረጥ ዘዴ በቅደም ተከተል ይቀርባል። ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ በስተቀር በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈቃድ ለምን አስፈለገ?

በአብዛኞቹ አገሮች የቅጂ መብት ሕግ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ የአመንጪው ሥራ አድርጎ ይጠብቃል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ስለሆነም ፕሮግራምን ማባዛት፣ መለወጥና ማሰራጨት በመሠረቱ የባለመብቱ ሥልጣን ነው። ፈቃድ ማለት እንግዲህ ባለመብቱ «ይህንንና ያንን እስካከበራችሁ ድረስ ሥራዬን አባዙ፣ ለውጡ፣ አሰራጩ» ሲል ለሌሎች የሚሰጠው የጽሑፍ ቃል ነው።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ምንም ፈቃድ ሳይጻፍበት ለሕዝብ የተለጠፈ ኮድ ባለቤት የሌለው ኮድ አለመሆኑ ነው። ፈቃድ ከሌለ ማየት እንጂ ወስዶ ማሰራጨት አልተፈቀደም። ሁለተኛው፣ ግዴታውን የጣሰ ሰው ፈቃዱን ተገን ሊያደርግ አለመቻሉ ነው።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። ሮበርት ጃኮብሰን የተባሉ የፊዚክስ ምሁር ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው የአሻንጉሊት ባቡሮችን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በጃቫ ቋንቋ አዘጋጅተው አርቲስቲክ ላይሰንስ በሚባለው ፈቃድ በነፃ አሰራጭተው ነበር። አንድ የንግድ ሶፍትዌር አምራች ከሥራው የተወሰኑ ፋይሎችን የአዘጋጆቹን ስምና የመብት መግለጫ ሳያካትት ወስዶ በራሱ ምርት ውስጥ አስገባ። ክርክሩን በይግባኝ የተመለከተው የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2008 በሰጠው ውሳኔ የፈቃዱ ግዴታዎች ተራ ምክር ወይም የቃል ኪዳን ዝርዝር ብቻ ሳይሆኑ ፈቃዱ የቆመባቸው ሁኔታዎች እንደሆኑ ገለጸ። ስለዚህም እነርሱን መተላለፍ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን ይችላል። ሥራው በነፃ መሰጠቱ የባለቤቱን መብት አላጠፋውም።

ሦስቱ የፈቃድ ቤተሰቦች

የክፍት ምንጭ ፈቃዶች በቁጥር እጅግ ብዙ ናቸው። ሆኖም በሚጥሉት ግዴታ መጠን በሦስት ቤተሰቦች ሊመደቡ ይችላሉ።

ሀ) ለቀቅ ያሉ ፈቃዶች። የኤምአይቲ፣ የቢኤስዲ፣ የአፓቺ ስሪት 2.0 እና የፓይተን ፈቃዶች በዚህ ምድብ ይገኛሉ። ዋና ጥያቄያቸው የአዘጋጁ ስም፣ የመብት መግለጫውና የፈቃዱ ጽሑፍ ከሥራው ጋር አብረው እንዲተላለፉ ነው። ይህን ያሟላ ሰው ኮዱን በዝግ የንግድ ሶፍትዌር ውስጥ እንኳ ሊያስገባው ይችላል።

ለ) ለዘብተኛ ኮፒሌፍት። ኤልጂፒኤል እና የሞዚላ ፈቃድ የዚህ ምድብ ናቸው። በእነዚህ ፈቃዶች የተለቀቀን ላይብረሪ የለወጠና ያሰራጨ ሰው ለውጡን በዚያው ፈቃድ ለሌሎች ክፍት ማድረግ አለበት። ላይብረሪውን የሚጠቀመው ዋናው ፕሮግራም ግን በሌላ ፈቃድ ሊሰራጭ ይችላል።

ሐ) ጥብቅ ኮፒሌፍት። ዋናው ወካዩ በሪቻርድ ስቶልማን መሪነት የተዘጋጀውና የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚያወጣው ጂፒኤል ነው። የመጀመሪያው ስሪት በ1989፣ ሁለተኛው በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 ወጥቷል። በጂፒኤል የተለቀቀን ኮድ በውስጡ የያዘ ፕሮግራም የሚያሰራጭ ሰው የፕሮግራሙን ሙሉ ምንጭ ኮድ በዚያው በጂፒኤል መስጠት ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ጂፒኤል ያስቀመጠው አንድ ብርቱ ክልከላ አለ። ይኸውም አሰራጩ በተቀባዩ መብት ላይ ፈቃዱ ራሱ ከደነገገው ውጭ ተጨማሪ ገደብ መጣል አይችልም የሚል ነው። አብዛኞቹ የፈቃድ ግጭቶች የሚነሡት ከዚህች ክልከላ ስለሆነ አንባቢ በልቡናው እንዲይዛት ያስፈልጋል።

የጂፒኤል ግዴታ የሚነሣው ሥራው ለሌላ ሰው ሲሰጥ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ፕሮግራሙን ለራሱ ብቻ የሚጠቀምበት ሰው የፈለገውን ከፈለገው ጋር ሊያቀላቅል ይችላል። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ኤጂፒኤል ግን ግዴታውን አስፍቶታል፤ ፕሮግራሙን ለውጦ በሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ሰው በኔትወርክ አማካይነት ለሚጠቀሙበት ሰዎችም ምንጩን ማቅረብ አለበት።

መጣጣም ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለት ፈቃዶች ይጣጣማሉ የሚባለው በሁለቱ የተለቀቁ ኮዶች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተዋሕደው ሲሰራጩ የሁለቱንም ግዴታዎች በአንድ ጊዜ መፈጸም የሚቻል ሲሆን ነው። አንዱን መፈጸም ሌላውን የሚያስጥስ ከሆነ ፈቃዶቹ አይጣጣሙም።

በወጥ ቤታችን ሥርዓት ነገሩን በቀላሉ መረዳት ይቻላል። የጾም ሽሮ በፍስክ ድስት ላይ ቢጨመር የሚፈርስ ሥርዓት የለም፤ የተገኘው ወጥ ግን ፍስክ ነው። በጾም ድስት ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጠብ ካለ ደግሞ ድስቱ በሙሉ የጾም መሆኑ ይቀራል። የኤምአይቲ ፈቃድ ያለው ኮድ እንደ ጾሙ ሽሮ ነው፤ ወደ ጂፒኤል ፕሮግራም ያለ ችግር ይገባል፣ ጠቅላላው ፕሮግራም ግን በጂፒኤል ይሰራጫል። ከጂፒኤል ኮድ ጥቂት መስመር ወስዶ ጠቅላላውን በኤምአይቲ ፈቃድ ማሰራጨት ግን አይቻልም። ስለዚህ መጣጣም ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ነው።

ፈጽሞ አለመጣጣም ደግሞ ከዚህ ይለያል። ከአንድ ድስት መብላት ያለባቸው ሁለት እንግዶች ቢመጡና አንደኛው ጾመኛ፣ ሌላው ያለ ቅቤ የማይበላ ቢሆን ወጥ ሠሪዋ ምንም ብትጠበብ ሁለቱን የሚያስደስት አንድ ድስት ልትሠራ አትችልም። ሁለቱም እንግዶች ደጎች ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ሁለቱን በአንድ ድስት ላይ ማገናኘቱ ነው። ሁለት ነፃ ፈቃዶችም እንዲሁ ለየብቻቸው መልካም ሆነው ሲገናኙ ሊጋጩ ይችላሉ። ለዚህ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የጥንቱ የቢኤስዲ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ የሶፍትዌሩን ባሕርያት የሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ስም እንዲያነሣ ያስገድድ ነበር። ሌሎች አዘጋጆችም ፈቃዱን እየቀዱ በዩኒቨርሲቲው ስም ቦታ የራሳቸውን ስም ያስገቡ ጀመር። ስቶልማን በ1997 ኔትቢኤስዲ በተባለው ሥርዓት ውስጥ እንዲህ ያሉ 75 የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮችን እንደቆጠሩ ጽፈዋል። ይህ ግዴታ በጂፒኤል ውስጥ የሌለ ተጨማሪ ገደብ ስለነበረ ሁለቱ ፈቃዶች አልተጣጣሙም። ዩኒቨርሲቲው በ1999 የማስታወቂያውን አንቀጽ ሲሰርዝ አዲሱ የቢኤስዲ ፈቃድ ከጂፒኤል ጋር ተጣጣመ።

ሁለተኛው በ2004 የወጣው የአፓቺ ፈቃድ ስሪት 2.0 ነው። ይህ ፈቃድ «ሥራው ፓተንቴን ይጥሳል» ብሎ ክስ የሚመሠርት ሰው በፈቃዱ ያገኘውን የፓተንት መብት እንዲያጣ ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ድንጋጌ በጂፒኤል ስሪት 2 ውስጥ ስለሌለ በፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አተረጓጎም ሁለቱ አይጣጣሙም። ጂፒኤል ስሪት 3 ሲዘጋጅ ግን የተወሰኑ ተጨማሪ ሁኔታዎችን እንዲቀበል ተደርጎ ስለተጻፈ የአፓቺ 2.0 ኮድ ወደ ጂፒኤል 3 ፕሮግራም መግባት ይችላል።

ከዚህ እንደምንረዳው «ጂፒኤል ነው» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። «ስሪት 2 ብቻ» የሚል ኮድና «ስሪት 2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ» የሚል ኮድ እጅግ ይለያያሉ። ሁለተኛው ወደ ስሪት 3 ሊሸጋገር ይችላል፤ የመጀመሪያው አይችልም። እንዲያውም «ስሪት 2 ብቻ» እና ስሪት 3 ራሳቸው እርስ በርሳቸው አይጣጣሙም።

የፓይተን ቋንቋ ታሪክ

ግጭቱ ቋንቋውን ራሱን ሲነካ ምን እንደሚመስል የፓይተን ታሪክ በሚገባ ያሳያል። ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን በሆላንድ አገር አምስተርዳም በሚገኘው ሲደብሊውአይ የምርምር ተቋም ሲሠሩ ቆይተው በ1991 ለሕዝብ አቀረቡት። በ1995 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሲኤንአርአይ የተባለ ተቋም ተዛወሩ። እስከ ስሪት 1.5.2 ድረስ የፓይተን ፈቃድ አጭርና ለቀቅ ያለ ስለነበረ ከጂፒኤል ጋር ምንም ጠብ አልነበረውም።

በግንቦት 2000 ጊዶና የሥራ ባልደረቦቻቸው ቢኦፕን ወደተባለ ኩባንያ ሄዱ። በዚያው ዓመት ሲኤንአርአይ ፓይተን 1.6ን በአዲስ ፈቃድ አወጣ። በፈቃዱ ውስጥ ስምምነቱ በቨርጂኒያ ግዛት ሕግ እንደሚተዳደርና እንደሚተረጎም የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ነበረ። ለሕግ ባለሙያ ይህ የተለመደ አንቀጽ ነው። ነገር ግን ጂፒኤል ሥራው በየትኛው ግዛት ሕግ ይዳኝ የሚል ገደብ ስለሌለው የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አንቀጹን ተጨማሪ ገደብ ብሎ ተረጎመው። ቀጥሎ በጥቅምት 2000 የወጣው ፓይተን 2.0 የሲኤንአርአይን ፈቃድ እንደያዘ የቢኦፕንንም ፈቃድ ስለጨመረ ችግሩ አብሮት ተሻገረ።

ውጤቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሪድላይን የሚባለው የግኑ ላይብረሪ ተጠቃሚው በሚጽፍበት መስመር ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲያርም የሚያስችል ሲሆን ፈቃዱ ጂፒኤል ነው። ፓይተን ከዚህ ላይብረሪ ጋር ተያይዞ መሥራት ይችላል። በፋውንዴሽኑ አተረጓጎም መሠረት ግን ፓይተን 2.0ን ከሪድላይን ጋር አያይዞ የሚያሰራጭ ሰው የጂፒኤልን ግዴታ ሊፈጽም አይችልም። ከዚህ በፊት በስሪት 1.5.2 ያለ ሥጋት ይደረግ የነበረው ነገር በኮዱ ሳይሆን በፈቃዱ ዓረፍተ ነገር ምክንያት አጠያያቂ ሆነ።

ከብዙ ድርድር በኋላ በ2001 ስሪት 1.6.1 በተሻሻለ ፈቃድ ወጣ። በዚያው ዓመት የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተቋቋመና የቋንቋው መብት ወደ እርሱ እየተጠቃለለ ሄደ። በ2001 የወጡት 2.0.1 እና 2.1.1 ከጂፒኤል ጋር የሚጣጣሙ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የወጡትም እንዲሁ ናቸው። ዛሬም የፓይተንን የፈቃድ ሰነድ የሚያነብ ሰው የሲደብሊውአይ፣ የሲኤንአርአይ፣ የቢኦፕን እና የፋውንዴሽኑ ፈቃዶች በተርታ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ፈቃድ ኮዱ ያለፈበትን እጅ ሁሉ መዝግቦ ይይዛልና።

ከቋንቋው ጋር ምን ይመጣል?

በተማሪዎች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «በጂፒኤል በተለቀቀ ኮምፓይለር የሠራሁት ፕሮግራም ጂፒኤል ይሆናል?» የሚል ነው። መልሱ በሦስት ይከፈላል።

1. ኮምፓይለሩ ወይም ኢንተርፕሪተሩ። መሣሪያ የሠሪውን ውጤት የራሱ አያደርግም። በጂፒኤል የተለቀቀው ጂሲሲ የሚያወጣው ፕሮግራም ባለቤቱ በመረጠው ፈቃድ ሊሰራጭ ይችላል። አንዳንድ መሣሪያ ግን ከራሱ አካል ቆርሶ በውጤቱ ውስጥ ይተዋል። የቋንቋ ሰዋስው ተንታኝ የሚያመነጨው ባይሰን ከራሱ ኮድ ሰፊ ክፍል ወደ ውጤቱ ስለሚቀዳ አዘጋጆቹ ይህ ክፍል በማንኛውም ፕሮግራም ውስጥ እንዲገባ የሚፈቅድ ልዩ አንቀጽ ጨምረዋል።

2. የማስኬጃና መደበኛ ላይብረሪዎች። እነዚህ ከፕሮግራሙ ጋር በቀጥታ ስለሚዋሐዱ ፈቃዳቸው ይመለከተናል። የጂሲሲ የማስኬጃ ላይብረሪዎች ለዚሁ ሲባል ከጂፒኤል የተለየ ተጨማሪ ፈቃድ አላቸው። ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ2006 ጃቫን በጂፒኤል ስሪት 2 ሲለቅ የመደብ ላይብረሪዎቹ ክላስፓዝ የተባለውን ልዩ አንቀጽ እንዲይዙ ያደረገው በጃቫ የሚጻፍ ፕሮግራም ሁሉ ጂፒኤል እንዳይሆን ነው።

3. ከውጭ የሚመጡ ላይብረሪዎች። አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በፋውንዴሽኑ አቋም መሠረት በጂፒኤል የተለቀቀን ላይብረሪ ጠርቶ የሚጠቀም ፕሮግራም ከላይብረሪው ጋር አንድ ሥራ ስለሚሆን ጠቅላላው በጂፒኤል ሊሰራጭ ይገባዋል። ቋንቋው በኢንተርፕሪተር የሚሠራ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ክሊስፕ የሚባለው የሊስፕ ቋንቋ ኢንተርፕሪተር በ1992 ወደ ጂፒኤል የተሸጋገረው ሪድላይንን ስለተጠቀመ ነበር።

አንድ ሥራ ላይ እንፈትነው

አራት ተማሪዎች የአማርኛ ፊደል ግድፈት የሚያርም ፕሮግራም በፓይተን ለመሥራት ተነሡ እንበል። ሥራቸው ሲያልቅ ለትምህርት ቤቶች ሊያድሉት፣ በኋላም ሊነግዱበት ያስባሉ። የመረጧቸው ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

- የፓይተን ኢንተርፕሪተር፦ ለቀቅ ያለ የፓይተን ፈቃድ
- ለቁጥር ስሌት ነምፓይ፦ የቢኤስዲ ፈቃድ
- ከኔትወርክ መረጃ ለማምጣት ሪኩዌስትስ፦ አፓቺ 2.0
- መስኮቶችን ለመሥራት ፓይኪውት 6፦ ጂፒኤል ስሪት 3 ወይም በክፍያ የሚገኝ የንግድ ፈቃድ
- የቃላትን ሥርወ ግንድ የሚተነትን አንድ ላይብረሪ፦ ጂፒኤል ስሪት 2 ብቻ እንበል

ፓይተንና ነምፓይ ከሁሉም ጋር ይስማማሉ፤ ስማቸውንና ፈቃዳቸውን አብሮ ማስተላለፍ ይበቃል። ፓይኪውት በነፃ ከተወሰደ ጠቅላላው ፕሮግራም በጂፒኤል ስሪት 3 መሰራጨት አለበት። ሪኩዌስትስም ወደ ስሪት 3 ያለ ችግር ይገባል። የቃላት ተንታኙ ግን «ስሪት 2 ብቻ» ስለሆነ ከፓይኪውት ጋርም ከሪኩዌስትስም ጋር ይጋጫል። ፕሮግራሙ በተማሪዎቹ ኮምፒዩተር ላይ በትክክል ይሠራል፤ ለአንድ ትምህርት ቤት እንኳ ሊሰጥ ግን አይችልም።

ተማሪዎቹ ፓይኪውትን ትተው ከሌሎች አማራጮች ጋር በኤልጂፒኤል የሚገኘውን ፓይሳይድን ቢወስዱስ? ይህ ለንግድ ሐሳባቸው ይጠቅማል፤ ምክንያቱም መስኮት መሥሪያው ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ኮድ በጂፒኤል እንዲለቁ አያስገድዳቸውም። የሪኩዌስትስና የቃላት ተንታኙ ግጭት ግን እንዳለ ይቀራል። ከሰንሰለቱ አንዱን ቀለበት መለወጥ ሌላውን አያድስም። ስለዚህ ተንታኙን በተመለከተ ከሚከተሉት መፍትሔዎች አንዱን መሻት ይኖርባቸዋል።

ግጭት ሲገኝ ምን ይደረጋል?

ሀ) ክፍሉን መተካት። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ፣ ፈቃዱ የሚስማማ ሌላ ላይብረሪ መፈለግ ብዙውን ጊዜ ቀላሉ መንገድ ነው።

ለ) ባለመብቱን መጠየቅ። ባለመብቱ «ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ» የሚለውን ሐረግ ሊጨምር ወይም ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። የማይኤስኪውኤልና የፒኤችፒ ጉዳይ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የማይኤስኪውኤል የደንበኛ ላይብረሪ በስሪት 4.0 ከኤልጂፒኤል ወደ ጂፒኤል ሲዛወር በወቅቱ ከነበረው የፒኤችፒ ፈቃድ ጋር ተጋጨ። በ2004 የወጣው ፒኤችፒ 5 ላይብረሪውን አብሮ ማሰራጨቱን ተወ። የማይኤስኪውኤል ኩባንያም በዚያው ዓመት ለክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ልዩ ፈቃድ ሰጠ። የፒኤችፒ ሰዎች ደግሞ በ2009 በወጣው ፒኤችፒ 5.3 ውስጥ በራሳቸው ፈቃድ የሚተዳደር ምትክ ላይብረሪ አቀረቡ።

ሐ) ከአማራጭ ፈቃዶች አንዱን መምረጥ። አንዳንድ ሥራ በሁለት ፈቃድ ይለቀቃል። ፐርል በጂፒኤል ወይም በአርቲስቲክ ላይሰንስ ይገኛል። በረስት ቋንቋ የሚጻፉ ብዙ ላይብረሪዎችም በኤምአይቲ ወይም በአፓቺ 2.0 ስለሚቀርቡ ጂፒኤል 2ን የሚጠቀም ሰው ኤምአይቲን መርጦ ከግጭት ይድናል።

መ) ለሁለት መክፈል። ሁለቱ ክፍሎች ለየብቻቸው የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች ሆነው በፋይል ወይም በትእዛዝ መስመር ብቻ የሚገናኙ ከሆነ በፋውንዴሽኑ አመለካከት በተለምዶ እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይቆጠራሉ። ይህ ግን እውነተኛ መለያየት መሆን አለበት፤ ግዴታን ለመሸሽ የተሠራ የይስሙላ መጋረጃ በቂ አይሆንም።

እነዚህ መፍትሔዎች ሁሉ ሥራው ሳይገፋ ሲፈለጉ ቀላል ናቸው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ኮዱን እንደገና መጻፍ ያስከትላሉ። የራስን ፕሮግራም ፈቃድ መለወጥም ሰዎች በበዙ ቁጥር ይከብዳል፤ ምክንያቱም መብቱን ለሌላ ያላስተላለፈ እያንዳንዱ ተሳታፊ የጻፈው ክፍል ባለመብት ስለሆነ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንድ ላይብረሪ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ስሙን፣ ስሪቱን፣ ፈቃዱንና «ብቻ» ወይም «ከዚያ በኋላ የወጣ» ማለቱን በአንድ ሠንጠረዥ መመዝገብ ይገባል። ላይብረሪው ራሱ የሚጠራቸው ሌሎች ላይብረሪዎችም በሠንጠረዡ ውስጥ መካተት አለባቸው።

ማጠቃለያ

የፈቃድ መጣጣም ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ጥያቄ ነው። ሥራውን ለሌላ ሰው በምሰጥበት ጊዜ በውስጡ ላሉት ሁሉ የገባሁትን ግዴታ በአንድነት መፈጸም እችላለሁን? የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው የየፈቃዱን ስም በማወቅ ሳይሆን ግዴታዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማንበብ ነው። በፓይተን ላይ እንደታየው አንዲት ዓረፍተ ነገር አንድን ቋንቋ በሙሉ ለወራት ልታስቸግር ትችላለች።

ይህን ማድረግ ራስን ከክስ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። በነፃ የተሰጠን ሥራ የሚወስድ ሰው የሰጪውን ቃል ሲያከብር ለሌሎችም የመስጠት ልማድ እንዲቀጥል ያደርጋል። ነገ ተማሪዎቻችን ራሳቸው ሰጪዎች ሲሆኑ የእነርሱም ቃል እንዲከበር የሚጠብቁት በዚሁ ሥርዓት ነው።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. በኤምአይቲ ፈቃድ የተለቀቀ ላይብረሪና በጂፒኤል ስሪት 3 የተለቀቀ ላይብረሪ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተዋሕደዋል። ፕሮግራሙ በየትኛው ፈቃድ ሊሰራጭ ይገባል?

2. አንድ ተማሪ «ጂፒኤል ስሪት 2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ» የሚል ላይብረሪን ከአፓቺ 2.0 ላይብረሪ ጋር ማዋሐድ ይችላል?

3. አንዲት ተመራማሪ የማይጣጣሙ ሁለት ላይብረሪዎችን አዋሕዳ ለራሷ ጥናት ብቻ በራሷ ኮምፒዩተር ትጠቀምበታለች። የጂፒኤልን ግዴታ ጥሳለች?

መልስ፦ 1) ጠቅላላው በጂፒኤል ስሪት 3 ይሰራጫል፤ የኤምአይቲው የመብት መግለጫ ግን አብሮ መቆየት አለበት። 2) ይችላል፤ «ከዚያ በኋላ የወጣ» በሚለው ሐረግ መሠረት ስሪት 3ን መርጦ ጠቅላላውን በስሪት 3 ያሰራጫል። 3) አልጣሰችም፤ ግዴታው የሚነሣው ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ስትሰጥ ነው።